ጋሼን ያስቆመው ጨጨብሳ

የታላቅ እህቴ ባል ጋሼ በሁለት ነገር አይደራደሩም፤ በመንገድና በሃይማኖት። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ስለነዱ ከተማዋን "ጓዳዬ ናት" ይላሉ። በየማለዳው ኒው አልባኒ ወዳለው መጋዘን፣ እስከ ሥራዬ ደጃፍ ያደርሱኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን እስክንደርስ ምክር ነው። ስለ ትዳር፣ ስለ አለባበስ፣ ጴንጤ ስለመሆኔ። ከቤታቸው ጀርባ የቆመች አሮጌ ኮሮላ አለቻቸው። ፐርሚት፣ የመለማመጃ መንጃ ፈቃድ፣ ካወጣሁ ወዲህ እሷን ስጡኝ ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም። "አንቺና መሪ!" ብለው ይስቁብኛል።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ዩክሬናዊት ስለ አንድ ጨዋታ ነገረችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ ከአገሯ መጥተው መሬቱን ያቀኑ ሰዎች የኖሩበት ግቢ አለ፤ የእንጨት ቤት፣ የዳቦ ምድጃ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ሣጥን ተደብቋል። ግቢው ውስጥ የተጠየቀውን ቆጥሮ ቁጥሮቹን ስልኩ ላይ ያስገባ ሰው፣ ስልኩ ሣጥኑ ወዳለበት ይመራዋል። ለጋሼ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ተወራረድን። እኔ ቀድሜ ካገኘሁ ኮሮላዋን ራሴ ነድቼ እመለሳለሁ፣ የእኔም ትሆናለች። እሳቸው ከቀደሙ ስለ መኪና ዳግም አፌን አልከፍትም።

"ከሾፌር ጋር በመንገድ ትወራረጃለሽ?" አሉኝ።

ጋሼ ቀድመው ማንበብ አይወዱም። እኔ ግን ጥያቄዎቹን አስቀድሜ አንብቤ ነበር፤ የመጨረሻው ቁጥር ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ሥራ ስለገባች ቤታቸው ሄጄ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ሠራሁላቸው። "በሞቴ!" እያልኩ አጎረስኳቸው። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኩ፣ ከዚያም ሠለስኩ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?" አሉ እያላመጡ።

በኮሮላዋ ሄድን፤ እሳቸው እየነዱ። ግቢው እንደደረስን ጋሼ ሮጡ። የቤቱን መስኮቶች ቆጠሩ፣ የምድጃውን ጡቦች ቆጠሩ። እኔ ከኋላቸው ቀስ ብዬ እየቆጠርኩ ተከተልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ መቃኑን ተሳለሙ፣ ቀኝ እግራቸውን አነሱ። ያነሱት እግር ግን እዚያው አየር ላይ ቀረ።

"በልቻለሁ" አሉ።

የበላ ሰው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ጋሼ ይህን ሥርዓት ለማንም ሲሉ አያፈርሱም።

"የዩክሬኖች እኮ ነው ጋሼ። ማን ያውቅብዎታል?"

"ባለቤቱ አያውቅም?" ብለው ወደ ሰማይ አመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ጨጨብሳው! አንቺ መሠሪ!"

እኔ በልቼም ባልበላም የምገባ ሰው ነኝ። ገብቼ መቅረዞቹን ቆጠርኩ።

"ስንት ነው?" ሲሉ ከበሩ ተጣሩ።

"ለበላ ሰው አይነገርም!"

ሣጥኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከአንድ አሮጌ ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ አወጣሁት። እልል ብዬ ብቅ ስል ጋሼ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እዚያው ቆመዋል። ማንም በማያውቃቸው አገር፣ ማንም በማያይበት ደጃፍ፣ አንድ እርምጃ ተራምደው ሊያሸንፉኝ ሲችሉ አልተራመዱም። ከልቤ ኮራሁባቸው። ቁልፉን ግን ተቀበልኩ።

መሪውን ስይዝ ምክራቸው በአንድ ጊዜ ደረቀ። ሀይዌዩ መግቢያ ላይ ከመኪኖቹ መስመር ልቀላቀል ስል አንድ ግዙፍ ትራክ በጎኔ እያገሳ መጣ።

"መርጅ አድርጊ! ኧረ ብሬክ! ኧረ ተዪው፣ መርጅ አድርጊ!"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ገብርኤል ሆይ፣ ያንተ ባትሆንም ጠብቃት!"

ስለ መላእክት ምልጃ ከእሳቸው ጋር ስንት ማለዳ የተከራከርኩት እኔ ጴንጤዋ፣ መስኮቱ እስኪነቃነቅ "አሜን!" ብዬ ጮህኩ።