የታደሰን ኩማሲ ለመስማት ወደ ዝዋይ

ከናዝሬት የተነሳሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «ወዳጅ ልጠይቅ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ግን የምሄደው ታደሰ ሲሳሳት ለመስማት ነበር።

ታደሰ የታሪክ፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነን። ናዝሬት ሳለ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ነበር የምናስተምረው። የጋናዋን ኩማሲ፣ የአሻንቲን ዋና ከተማ፣ በየዓመቱ በጠመኔ ስስላት የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚያ ለሚሰጥ የመምህራን ሥልጠና አንድ ሰው ሲፈለግ ግን የተላከው እሱ ነው። አንጀቴ አረረ። ሲመለስ ዝዋይ ተመደበ፤ ዛሬ ስለዚያች ከተማ ለተማሪዎቹ ሊናገር ነው።

ሞጆና ዓለም ጤና

ሞጆ ላይ በቆዳ ሽታ መሀል አውቶቡስ ቀየርኩ። ዓለም ጤና ላይ አንዲት ሽንኩርት ያዘሉ እናት አጠገቤ ተቀመጡ።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ? ፊትህ ጠቁሯል ልጄ፤ አሞህ ነው?»

«አቧራው ነው እማማ» አልኳቸው። ቅናት ነው ይባላል እንዴ? መቂን አልፈን ዝዋይ እስክንገባ ድረስ ከግራርና ከደረቅ ሜዳ ሌላ አላየሁም። ለእሱ የኩማሲ ጥቅጥቅ ደን፣ ለእኔ ግራር!

ዝዋይ

ታደሰ አዳራሹ ፊት የጋና ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ሸሚዙም አስቀናኝ።

«ኩማሲ የወርቅና የኮላ ፍሬ ነጋዴዎች መንገድ የሚገናኝባት የደን ከተማ ናት» አለ። «አንድ ጠቢብ በተለያየ ቦታ ችግኝ ተክሎ፣ የጸደቀበት ስፍራ ዋና ከተማ ሆነ ይላሉ። እንግሊዞች አቃጠሏት፤ አሻንቲዎች መልሰው ሠሯት።»

አንድም አልሳተም። እጄን አወጣሁ።

«አጠገቧ ባለው በቦሶምትዌ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምዱት በምን ዓይነት ጀልባ ነው?»

ወጥመድ ነበር።

«ጀልባማ በባህላቸው ነውር ነው» አለ ሳያመነታ። «ሳንቃ ላይ ሆነው በእጃቸው እየቀዘፉ ነው የሚያጠምዱት።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ሳልወድ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ጋበዘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኃይሉ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «ወባዋን ከናዝሬት ይዣት ሄጄ፣ በደረስኩ ማግስት ሆስፒታል ተኛሁ። ሥልጠናው እስኪያልቅ አልተነሳሁም። ቦሶምትዌንም የኩማሲን ገበያም አላየሁም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ?»

«ያንተ ነዋ! ክፍላችንን የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ አልነበር? የእኔን ልጆች ‹ጻፉ› እላቸውና አንተን አዳምጥ ነበር።»

ሳቅኩ። ግን ወዲያው፣ «በሆስፒታሉ መስኮት ምን ይታይ ነበር?» አልኩት።

«ዝናብ። ደግሞ አንድ ትልቅ ዛፍ።»

ናዝሬት

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ «እህ፣ ተሳሳተልህ?» አለችኝ። አልተሳሳተም፤ የተናገረው የእኔን ትምህርት ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቅናት በእውነት እንደማይድን ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው፤ ኩማሲ ውስጥ በወባ ተንቀጥቅጦ መተኛቱም አስቀንቶኛል።