ኑንዚያታ መንጃ ፍቃድ ያወጣች ዓመት

ከጣልያን አገር ወደ አሜሪካ የመጣችው ኑንዚያታ ያኮቮኔ ባሏ ሳቬሪዮ ከድንጋይ ካባው ባመጣው የሳንባ በሽታ ሲሞትባት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። አንዲት ልጇን ሎሬታን ይዛ ሸሚዝ ፋብሪካ ገባች። ሥራዋ ኮሌታ መስፋት ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሰፋች። "የግማሹን አሜሪካ አንገት የያዝኩት እኔ ነኝ" ትል ነበር።

ሎሬታ ነርስ ለመሆን ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል የሳቬሪዮ ወንድም ዶናቶ ነገሩ አልጣመውም።

"ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? ፋብሪካው ውስጥ አጠገብሽ ወንበር አለ፤ እዚያ አስቀምጫት።"

ኑንዚያታ ለክረምት የሚሆን ቲማቲም እየፈጨች ስለነበር ቀና እንኳ አላለችም። "ወንበሩን ከወደድከው አንተ ተቀመጥበት" አለችው። ሎሬታ ነርስ ሆነች፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ትልቅ ከተማ ሥራ ያዘች፣ እሑድ እሑድ እየመጣች ከእናቷ ጋር ምሳ ትበላ ነበር።

ኑንዚያታ ስልሳ ሁለት ዓመት ሲሆናት ፋብሪካው ተዘጋ። በዚያው መከር የሎሬታ የክርስትና እናት ኤርሲሊያ ኩላሊቷ ከዳት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋታል ተባለ፤ ሆስፒታሉ ያለው አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፣ አውቶቡሱም እንደልቡ ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ሎሬታ ፓስታዋን ሳትጨርስ እናቷ "መኪና ታስተምሪኛለሽ" አለቻት።

"ማንን?"

"ማንን ትለኛለች! ድመቷን ነዋ።"

"እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ?"

"ኤርሲሊያ እስክጎረምስ አትጠብቀኝም።"

መለማመጃ ቦታውን የመረጠችው ኑንዚያታ ራሷ ናት። መቃብር ስፍራው ውስጥ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፣ መኪናም አይበዛበትም። "እዚህ ማንንም ብገጭ አይሞትም" አለች። ፍሪሲዮኑን ድንገት ስትለቀው መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል። በሳቬሪዮ መቃብር በኩል ባለፈች ቁጥር ጥሩንባ ታሰማዋለች። ጎረቤቷ የሆነው ዶናቶ ሰኞ ጠዋት በአጥር አሻግሮ "ትናንትስ ስንት ሙት አቆሰልሽ?" ይላታል።

ወር ሳይሞላ መሪውን ለመደች። የጽሑፍ ፈተናው ቀን ሎሬታ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አደረሰቻት። ኑንዚያታ አምስት ደቂቃ ሳይሞላት ተመልሳ ወጣች።

"ምነው?"

"መነጽሬን ረስቼ።"

በሁለተኛው ቀጠሮም እንዲሁ ሆነ። መኪና ውስጥ ገብታ ላቧን ስትጠርግ ሎሬታ መሐረብ ልታቀብላት የእናቷን ቦርሳ ከፈተች። መነጽሩ ከነማኅደሩ እዚያው ተቀምጧል። ሎሬታ አየችው፤ ኑንዚያታም ማየቷን አየች።

ሎሬታ በልጅነቷ የሰማችው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። "አንቺ አንብቢልኝ፣ ዐይኔ ደክሟል።" "የትምህርት ቤቱን ወረቀት አስቀምጪው፣ እጄ ዱቄት ነው።" መጀመሪያ ተናደደች፤ አርባ ዓመት መታለሏ ቆረቆራት። ቀጥሎ ሆዷ ባባ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች በመጨረሻ።

"እኔ በሰባት ዓመቴ ወይራ ለቀማ ሄድኩ፣ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሄደ። በጣልያንኛም ማንበብ አልችልም። እዚህ መጥቼ ደግሞ አንቺ ተወለድሽ፣ ጎበዝ ሆንሽ። አፈርኩሽ።"

"እኔን?"

"አዎ፣ አንቺን።"

ሎሬታ መኪናውን አላስነሳችም። ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ሰው መጠየቅ እንደሚቻል ነገረቻት። ኑንዚያታ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። "መንገድ ላይ ያለውን ምልክትስ ማን ያነብልኛል? አስተምሪኝ።"

ያን ክረምት የኩሽናው መደርደሪያ ሁሉ ወረቀት ተለጠፈበት፤ ጨው፣ ዱቄት፣ ሽምብራ። በሥራ ቀን ትምህርቱ በስልክ ነበር። ኑንዚያታ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትጠራለች፣ ሎሬታ ከወዲያ ታርማታለች። ኤርሲሊያን ለጊዜው የደብሩ ቄስ በመኪናቸው ያመላልሷት ነበር። "እኚህ አባ ሲነዱ ሦስት ጊዜ ንስሐ ገባሁ፤ ቶሎ ተማሪልኝ" ትላታለች ኤርሲሊያ።

በየካቲት አንድ እሑድ እናትና ልጅ መቃብሩ ውስጥ ሲለማመዱ ኑንዚያታ ድንገት ፍሬን ያዘች። መስኮቱን አውርዳ የባሏን ሐውልት ስትመለከት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

"ሎሬታ፣ ከስማችን መሐል አንድ ፊደል ጎድሏል።"

ሎሬታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር። "የምታውቂ መስሎኝ" አለች በቀስታ።

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዝም ብሎ ተኛ?" አለች ኑንዚያታ። ከዚያ ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። "በሕይወቱም እንዲሁ ነበር። ሾርባው ጨው ቢጎድለው አይናገርም።"

"ይስተካከል እንዴ?"

"ተዪው። እሱም እንደኔ ፊደል አልቆጠረም፤ አይከፋውም።"

በሚያዝያ ተፈተነች፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ሳተች። ሳምንት ቆይታ የመንዳቱንም ፈተና አለፈች። ቀጣዩ የእጥበት ቀን ሰኞ ነበር። ሎሬታ በተወችላት አሮጌ መኪና ውስጥ ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ኤርሲሊያን ሆስፒታል አደረሰቻት።

ለስድስት ዓመት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አመላለሰቻት። አበልጇ ከእጥበት ማሽኑ ጋር ተያይዛ አራት ሰዓት ስትቀመጥ ኑንዚያታ አጠገቧ ሆና ጋዜጣ ታነብላታለች፤ አነባበቧ እንደ ኤሊ ነው።

"አበልጄ፣ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር ቶሎ ጨርሺው፤ እኔም ሳልገባበት" ትላታለች ኤርሲሊያ። በሌሎቹ የእጥበት ወንበሮች ላይ ያሉት በሽተኞች ይስቃሉ። ወንበራቸውን እንዲያስጠጉላቸው ነርሶቹን የሚለምኑም ነበሩ።

ኤርሲሊያ በሰባተኛው ዓመት አረፈች። ኑንዚያታ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ለዚያው እጥበት የሚወስደው ሰው እንዳጣ ሰማችና ቁልፏን አነሳች። ከእሱ በኋላ አንዲት ባልቴት ተጨመረች፣ ከዚያ ሁለት ሌሎች። መኪናው እየሞላ ሄደ።

በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ዐይኗ እየደከመ መምጣቱን ለሎሬታ ራሷ ነገረቻት። "አሁን እውነቴን ነው" አለቻትና ቁልፉን ሰጠቻት። መንዳት ብታቆምም ነገሩን አልተወችውም፤ ስልክ እየደወለች በሽተኞቹን የሚያመላልስ ሹፌር ከሰፈሩ ሰው ለየቀኑ ትመድብ ነበር። እምቢ ያለ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳ ታስፈራራዋለች።

በሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ በሰኔ፣ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ በገዛ አልጋዋ ላይ አረፈች። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ተበላ፤ ወንበር ጠፍቶ ቆመው የበሉ ነበሩ። ሎሬታ ጡረታ ከወጣች ገና አራት ወሯ ነው። ሳህኖቹ ሲነሱ አንዲት ሴት የሹፌሮቹን ተራ የያዘ ወረቀት ይዛ መጣች፤ አንድ ቀን ባዶ ነበር።

ሎሬታ እስክሪብቶ ተቀብላ ረቡዕ በሚለው ሥር ስሟን ጻፈች።