የግዛቸው ሞክሼ

ግዛቸው ቤቱ አሜሪካ፣ ሜስኪት ከተማ፣ እንጀራው የአየር ማረፊያ ታክሲ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» ነበር።

ዴንተን ኮሌጅ የገባው ልጁ ማቲዎስ ደውሎ «አባዬ፣ ትግል ገባሁ» ሲለው ታክሲውን ጥግ አስይዞ አቆመ። እሱ ባደገበት ዘመን ትግል ገባ የተባለ ልጅ ወይ ጫካ ነው ወይ መቃብር። ነገሩ ሬስሊንግ የሚሉት ስፖርት መሆኑ ሲገባው እፎይ አለ። እፎይታው ግን መለያውን እስኪያይ ድረስ ብቻ ነበር፤ ሥጋ ላይ የተጣበቀ፣ ሸፍኖ የሚያሳይ ጉድ። ከዚያ ወዲያ ስለ ትግሉ ጠይቆ አያውቅም።

እሱ ባይጠይቅም ክለቡ አደገ። ሲጀምሩ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ከሃይስኩል በተለመነና በፕላስተር በተለጣጠፈ ፍራሽ ላይ ነበር የሚታገሉት። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ቡድን አላሸነፉም፤ አሠልጣኙ ቫኑን ራሱ እየነዳ ኦክላሆማ ድረስ ወስዶ አስቀጠቀጣቸው። ማቲዎስ በመጨረሻው ዓመት አምበል ሆነና ክለቡ ያንን ሁሉ ቀጥቃጭ ጥሎ ዋንጫ በላ። የማቲዎስ ፎቶም ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ያንኑ መለያ እንደለበሰ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ነጋሽ ጋዜጣውን ይዘው ፓርኪንግ ላይ ጠበቁት። ማቲዎስን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

«ግዛቸው፣ ይሄ ራቁቱን የቆመው ያንተው ልጅ አይደለም እንዴ?»

ሰው ከቧቸው ነበር። ግዛቸው ፊቱ ጋለ።

«ኧረ ሞክሼ ነው» አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጋሽ ነጋሽ አንገታቸውን ደፍተው ጋዜጣውን አጠፉ። ግዛቸው ዘወር ቢል ማቲዎስ ከኋላው ቆሟል፤ ከዴንተን የመጣው ሜዳሊያውን ሊያሳየው ነበር።

መኪና ውስጥ ልጁ፣ «አባዬ፣ ሞክሼ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች» አለ ግዛቸው፣ መንገዱን እያየ።

«ኦኬ» አለ ልጁ።

ግዛቸው ሳምንቱን ሙሉ እፍረቱ ሲቆረጥመው ሰነበተ። ኮሌጁ ቡድኑን በሸለመበት ቀን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሳይጠራ ዴንተን ሄደ። አዳራሹ «ግዛቸው! ግዛቸው!» እያለ ይጮሃል። ለካ እዚያ ልጁን በአባቱ ስም እንጂ ማቲዎስ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ጃኬቱ ጀርባ ላይም በትልቁ የተጻፈው ግዛቸው ነው። ሰውዬው ስሙ እንዲህ ሲከበር በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረና ወደ ልጁ ተጠጋ። አሠልጣኙ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ማቲዎስን ጠየቀው።

ማቲዎስ አባቱን አየው። ቁጣ አልነበረበትም።

«ማይ ሞክሼ» አለና፣ ስማችን አንድ ነው ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳው።

አሠልጣኙ ደስ ብሎት የግዛቸውን እጅ ጨበጠ። እንግዲያው ያገሩ ሰው ከሆንክ አባቱን ታውቀዋለህ ወይ፣ እኛ በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አይተነው አናውቅም አለው።

«አውቀዋለሁ» አለ ግዛቸው። ቀና ብሎ ግን ልጁን ማየት አቃተው።