ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ወታደሮች

በመጀመሪያ ስለ እኔ የሚወራውን ላስተካክል። «እትዬ አስካለ ለቅሶ ቤት ገብተው ለአሻንጉሊት ተጣሉ» ተብሏል። አልተጣላሁም። ድምፄንም ከፍ አላደረግሁም፤ ባደግሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት መጮህ ምሳ ያስከለክል ነበር፣ እስከ ዛሬም አልለመደብኝም። አንድ ጥቁር ፌስታል እንዳይጣል ለመንሁ፣ ያ ብቻ ነው። ውስጡ ያሉትም አሻንጉሊት አይደሉም።

አቶ ታደለ አረፉ።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብሁት። ስህተት ያለበት ዓረፍተ ነገር ይመስላል። የለበትም።

ሐሙስ ዕለት ደውለውልኝ ነበር። «እትዬ፣ በቅሎዋ ላይ የተጫነው ስልቻ በየትኛው ጎን ይብዛ?» አሉኝ። «በሁለቱም ጎን እኩል ካልሆነ ትጥለዋለች» አልኋቸው። «እሑድ አሳይዎታለሁ» ብለው ዘጉ። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ናሆም ሲደውልልኝ ስለ በቅሎዋ መስሎኝ ነበር።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አቶ ታደለ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚህ ፈረንጅ አገር ሊልበርን ከተማ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል ውስጥ ጦር ያደራጁ ነበር። ወታደሮቹም በቅሎዋም የፕላስቲክ ናቸው፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ተፈታተው በካርቶን ይሸጣሉ፣ ገዢው ቆርጦ ያጣብቃቸዋል። ሱቅ የሚገኘው ግን የፈረንጅ ጦር ነው። እሳቸው የሚፈልጉት የአያታቸውን ዘመን ዘማች ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ካርቶን ገላ፣ ከሌላው ራስ፣ ከሌላው ክንድ እየወሰዱ የራሳቸውን ሰው ያወጡ ነበር።

የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። የነጠላ ጥለት ስጠግን አይተው አጠገቤ ተቀመጡና ከኮታቸው ኪስ በሶፍት የተጠቀለሉ ወታደሮች አወጡ። እንደ ሊጥ ከሚላወስ ነገር ነጠላ ሠርተው አልብሰዋቸዋል፣ ጥለቱንም በቀይ ቀለም ስለውታል። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የሁሉም ጥለት ወደ ላይ ነው፣ ትከሻቸው ላይ።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አልኋቸው።

«እንዴት?»

«ነጠላውን ዘቅዝቀው አልብሰዋቸዋል። የሚሄዱት ዘመቻ ነው ወይስ ለቅሶ?»

መጀመሪያ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በሉ እንግዲህ እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጥለቱ የእርስዎ ሥራ ነው» አሉኝ። እንደዚያው ሆነ።

ሱቅም አብሬያቸው እሄድ ነበር። ካርቶኑን ገልብጠው የጀርባውን ሥዕል ሐኪም ኤክስሬይ እንደሚያይ ያዩታል። «የዚህ ኮፍያው ከራሱ ጋር ተጣብቋል፣ አይሆንም። የዚህ ክንዱ ከጠመንጃው አይላቀቅም፣ አይሆንም። እነዚህ ደግሞ ሁሉም ይሮጣሉ፤ ዘማች ሁልጊዜ ይሮጣል እንዴ? የሚራመድ የለም?» ባለ ሱቁ አንድ ቀን ታክቶት፣ ታዲያ ምን ቢመጣልዎት ነው ደስ የሚልዎ ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «ጨርሳችሁ አትስጡኝ። ራስ ለብቻ፣ እጅ ለብቻ፣ አንገቱ ከሁሉም ጋር የሚገጥም፤ ራሱ ደግሞ ከገላው ይብዛ። ሰውየውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ሴትስ?» አልኋቸው ወደ መኪናው ስንመለስ። «ይህ ሁሉ ሰው ማን አብስሎለት ነው የሚዋጋው?»

ቁልፉን ትተው የገዙትን ካርቶን እንደገና ገለበጡ። ከዚያ ወዲህ በየካርቶኑ ሴት ፈለግን፣ አላገኘንም። በመጨረሻ የመነኩሴ ቀሚስ በለበሰ ገላ ላይ ጢም የሌለውን የከበሮ መቺ ራስ ገጠሙ። እጆቿን ከአንድ ጠመንጃ ያዥ ወስደው፣ ጠመንጃውን ቆርጠው ጥለው እንስራ አሸከሟት። ጥለቷን ቀባሁላት፣ ወደ ታች።

እነዚያን ነጠላቸውን የዘቀዘቁትን ግን አልጣሏቸውም። ስህተት አይቀመጥም ብያቸው ነበር፤ እኔ የተማርሁት ስህተት ተሰርዞ እንደገና ሲጻፍ ነው። «ትርፍ አይደሉም እትዬ፣ ቦታቸውን አላገኙም እንጂ» አሉኝ። ስለ ተረፈ ክንድም፣ ስለ አንድ እግር ጫማም፣ ስለ በቅሎ ግማሽም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሁሉም የሚገባው ወደዚያ ጥቁር ፌስታል ነው።

ዛሬ ናሆም ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ቤዝመንቱን ሲያስለቅቅ ደረስሁ። ጥሩ ልጅ ነው። የተቀቡትን በጥንቃቄ ሣጥን ውስጥ አድርጓል። ፌስታሉን ግን ጋራዥ ውስጥ ከቆሻሻው ጋር አገኘሁት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጋርቤጅ ነው» አለኝ። «የተቆራረጠ እጅና እግር ነው። ጥሩ ጥሩውን ኪፕ አድርጌያለሁ።»

«አባትህ የሚሠሩት ከዚህ ነው» አልሁት። «ያኛው ያለቀው ነው። ይህ ገና የሚሠራው ነው።»

«ማን ሊሠራው?»

በክፋት አልጠየቀኝም። ዓይኑ አብጧል። እኔም ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቀፍሁት። በር ላይ ለቆመው ለቀስተኛ ጠብ የመሰለው ይህ ነው። ነገ ጠዋት ከጋራዡ የሚጣለውን ዕቃ የሚጭኑ ሰዎች ይመጣሉ። ናሆም ይቀመጥም፣ ይጣልም አላለኝም፤ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ስላልደፈርሁ ፌስታሉን ጋራዡ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።

አቶ ታደለ፣ ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርዎ። ሲነጋ ሃይዌይ ሳልገባ በውስጥ መንገድ እመጣለሁ። መኪናዬን ጋራዥዎ በር ላይ ፓርክ አደርጋለሁ፤ ፌስታሉን ሳልይዝ አላነሳትም። ለናሆም ዛሬ ያጣሁትን መልስ እሰጠዋለሁ፦ እኔ እሠራዋለሁ፣ እጄ እስከቻለ። በቅሎዋን እጭናታለሁ፣ በሁለቱም ጎን እኩል። ከዚያ ነጠላቸውን የዘቀዘቁትን ከፌስታሉ አውጥቼ ፎቶዎ ፊት አሰልፋቸዋለሁ። ቀለማቸውን አልነካም። እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ደህና ይሁኑ፣ ወዳጄ። ማን ሞቶባቸው ነው ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ፣ እነግረዋለሁ።