ልጄን ተኩላ ብዬ የሰየምኩበት ቀን

«የልጅ ልጄን በአውሬ ስም ልትጠሩት ነው?» ብላ እናቴ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ጮኸችብን። ነርሶቹ ሁሉ ዞረው አዩን።

ባለቤቴ ሰርቢያዊ ነው። ልጃችንን «ቩክ እንበለው» አለ። በእነሱ ቋንቋ ተኩላ ማለት ነው።

ልጄ ያለ ጊዜው ተወልዶ ኢንኩቤተር ውስጥ ነው ያለው። ማለቴ፣ ይህን ተኩላ ድመትም አትፈራውም።

«ለምን ተኩላ?» አልኩት።

«እኛ አገር ልጅ የሞተበት ሰው ቀጣዩን ቩክ ይለዋል። ሞት ተኩላ ይፈራል ይባላል» አለኝ።

አምና የመጀመሪያ ልጃችንን እዚሁ ዳላስ ቀብረናል። ለእማዬ እያለቀስኩ ተረጎምኩላት።

እማዬም ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ማስረሻ ያለችኝም ለዚህ ነው።

ከዚያ ኢንኩቤተሩ ላይ ጎንበስ ብላ «ቩክዬ፣ በርታ የኔ ጌታ» አለችው።

አሁን ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪሞቹ «ዛሬን እንይ» ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም።

እንዲተርፍ ተብሎ ስም የወጣላችሁ ካላችሁ፣ በፈጠራችሁ፣ ስማችሁን ከነዕድሜያችሁ ጻፉልኝ።

ዕድሜያችሁን ነው ማንበብ የምፈልገው።