በስሜ የተሠራው ሶሌታ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መክሊት ስልኳን ይዛ መጣችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። እናቷ ግቢያቸው ውስጥ ፎቅ ሊያሠሩ ነው፤ ኮንትራክተር የምትመርጠው እሷ ናት። "ጋሽ ተፈራ፣ ይኸውልዎት፣ ቼክ አድርጌዋለሁ" አለችኝ። "ፈቃዱ ታድሷል፣ ደረጃው አለ፣ የኢንጂነሩ ስም ሳይቀር አለ። በቃ ሴፍ ነን።"

ልጅቷ ጎበዝ ናት። ሰው ሁሉ በወሬ ኮንትራክተር በሚይዝበት ከተማ መዝገብ አገላብጣ መምጣቷ ሊያስመሰግናት ይገባ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ኢንጂነሩን አይተሽዋል?" አልኳት። "ስሙ አለ እኮ" አለችኝ። ስሙ አለ! ጮኼ ኖሮ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። መክሊት ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ቆመች፤ ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ቁጭ በይ አልኳትና ለማንም በወጉ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አወራኋት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በምህንድስና ተመርቄ ቂርቆስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ክረምት ሲገባ ሰፈሩ ጭቃ ነው፤ ከደጄ እስከ አስፋልቱ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ነበር የምወጣው። ጠዋት ጠዋት ኦሎምፒያ ድረስ ሄጄ የሥራ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ የሚሆነኝ የለም፣ እመለሳለሁ። የተጠበሰ በቆሎ ምሳዬ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። የነበረኝ ሀብት የባለሙያነት ምዝገባ ሰርተፊኬቴ ብቻ ነበር፤ በፕላስቲክ ተለብጦ ፍራሼ ሥር ይተኛል።

ደጀኔ የሚባል ኮንትራክተር ያገኘኝ በዚህ መሀል ነው። ኮንትራክተር ፈቃድ ለማውጣት የተመዘገበ መሐንዲስ ቀጥሬያለሁ ብሎ ማሳየት አለበት። መቅጠሩ ስለሚወደድ ወረቀቱን ብቻ ይከራያሉ። መሐንዲሱ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሰርተፊኬቱ ሥራ ይውላል። ይህን ጉድ የማያውቅ አልነበረም፤ እኔም "ሁሉም ያደርገዋል" ብዬ ሰጠሁት። ዛሬ ይህችን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ በጥፊ ማለት ያምረኛል። ደጀኔ በየወሩ የቤት ኪራዬን የምትሸፍን ነገር ይሰጠኛል፤ የት እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እናቴን በዕድሜ የሚያክሉ ሴት ዣንጥላቸውን እያራገፉ ቆመዋል። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዘዋል፤ ስሜ፣ ቀበሌዬና የቤት ቁጥሬ ተጽፎበታል። "ኢንጂነር ተፈራ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?" አሉኝ። እኔን፣ ጺሙን በወጉ ያላበቀለውን ልጅ፣ እርስዎ!

ወይዘሮ ዘይቱና ይባላሉ። ካዛንቺስ ልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው፤ ስድስት ሴቶች ያሠራሉ። በስፌት ቤቱ ላይ ፎቅ ለማውጣት ደጀኔን ይዘዋል። ፈቃዱን በፍሬም አድርጎ አሳይቷቸዋል፤ እሳቸው ግን በፍሬም የሚታለሉ ሰው አልነበሩም። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄደው፣ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠው፣ ፋይሉን አስወጥተው አስነብበዋል።

"መዝገቡ የሥራው ኃላፊ እርስዎ ነዎት ይላል" አሉኝ። "እስካሁን ግን አንድም ቀን አላየሁዎትም። ታመው ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።"

በፌስታል ብርቱካን ይዘውልኝ ነበር። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜ ሶሌታው ሊሞላ ነበር፤ የስፌት ቤቱ ጣሪያ፣ የፎቁ ደግሞ ወለል የሚሆነው አርማታ ማለት ነው። "ፌሮው ቀጠነብኝ" አሉኝ። "እኔ አልተማርኩም፣ እርስዎ ይዩልኝ። ልጆቹ እኮ ከሥሩ ነው ቁጭ ብለው የሚውሉት።" ስሜ እንጂ እኔ የለሁበትም ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። "እመጣለሁ" አልኳቸው። አላህ ይስጥልኝ ብለው በዚያ ጭቃ ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከኦሎምፒያ ሽቅብ በእግሬ ካዛንቺስ ደረስኩና መሰላሉን ወጣሁ። ለማወቅ ሜትር ማውጣት አላስፈለገኝም። ፌሮው ለመስኮት ፍርግርግ የሚሆን ቀጭን ብረት ነው፤ በአንዱና በሌላው መሀል ጫማዬ በቁመቱ ይጋደማል። እንኳን ሰው ሊኖርበት፣ የራሱን ክብደት መሸከሙ ያጠራጥር ነበር።

ደጀኔ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። "ቁርስ በልተሃል?" አለኝ። ይዞኝ ከመንገዱ ማዶ ካለች ፉል ቤት ገባ። ፉሉ በቃሪያና በሽንኩርት ተለውሶ፣ ቅቤው ከላዩ እየቀለጠ መጣ።

"ሥራው አይሆንም" አልኩት።

"ፋይሉ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?" አለኝ ዳቦውን እየቆረሰ። "እኔ ከተዘጋሁ አንተም ሰርተፊኬትህን ትነጠቃለህ። ማለቴ፣ ገና ልጅ ነህ፣ ምን አስቸኮለህ? ብላ በቃ።"

በላሁ። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ደጀኔ ሌባ ነበር፤ ሌባ የሌባ ሥራውን ሠራ። እኔ ግን የተማርኩ ነበርኩ፣ አይቻለሁ፣ አውቄያለሁ፣ ከዚያም ዳቦዬን ፉል ውስጥ እየነከርኩ በላሁ። ከማዶ የአርማታ ማደባለቂያው ሞተር ሲነሳ ሰማሁት። ያኔ እንኳ አልተነሳሁም፤ ሳህኑን ጠረግሁት።

ስንመለስ ሶሌታው ግማሽ ድረስ ተሞልቷል። ወይዘሮ ዘይቱና መሰላሉ ሥር ቆመው ይጠብቁኛል። "እንዴት አዩት ኢንጂነር?" አሉኝ።

"ደህና ነው" አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

ሰኞ ዕለት ያው ቢሮ ሄደው አቤት ብለዋል። ደጀኔ ግን ቀድሟቸዋል፤ ኃላፊው መሐንዲስ ቅዳሜ በቦታው ተገኝቶ ሥራውን አይቷል የሚል ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አስገብቷል። እውነቱን ነው፤ ተገኝቻለሁ፣ አይቻለሁም። ቅዳሜ ባልሄድ ኖሮ መሐንዲሱ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም ብለው ሊከሱት ይችሉ ነበር። ሄጄ የደጀኔን ውሸት እውነት አደረግሁለት። "እናቴ፣ ሰነዱ የተሟላ ነው" ብለው የቢሮው ሰዎች መለሷቸው።

መስከረም ላይ ከሥር የደገፈው የባሕር ዛፍ እንጨት ሲነሳ የሶሌታው ሆድ ወደ ታች ረገበ፤ ከዳር እስከ ዳርም ተሰነጠቀ። ወይዘሮ ዘይቱና አንዲት ሴት እንኳ ከሥሩ እንድታልፍ አልፈቀዱም። የቀን ሠራተኛ ጠርተው ያስፈርሱት ጀመር። ይህን የነገረኝ ደጀኔ ነው፣ "ሴትዮዋ አበደች" እያለ፣ እየሳቀ። ያን ቀን ልመታው እጄን አንስቼ ነበር፤ በምን አፌ ልናገረው ብዬ መልሼ አወረድኩት።

በማግስቱ ሄድኩ። ፀሐይ ወጥቷል፤ መዶሻው ከሩቅ ይሰማል፤ አቧራው መንገዱን ሸፍኗል። ሠራተኞቻቸው ጎረቤት በረንዳ ላይ ማሽኖቻቸውን ደርድረው ይሰፋሉ። ወይዘሮ ዘይቱና አዩኝና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ እኔ መጡ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ። ቢሮው ያላቸውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "መዝገብ ቤት ደጃፍ ሦስት ቀን የተቀመጥኩት እኮ ሰው አገኝ ብዬ ነበር" አሉና ተመልሰው ሄዱ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ሰርተፊኬቴን ከደጀኔ ነጠቅሁት። ለቢሮውም መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ምክንያቱ ግን "በግል ጉዳይ" ይላል። በግል ጉዳይ! እውነቱን ብጽፍ ደጀኔ ይዘጋ ነበር፤ እኔም ከሙያው እባረር ነበር። እንጀራዬን መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ላላየሁት ሥራ ፈርሜ አላውቅም፤ በሠራሁበት ቦታ ሁሉ ነገረኛ ነው ይሉኛል። ለዚህ ግን ማንም እንዲያመሰግነኝ አልፈልግም።

ዛሬ ያ ሰፈር የለም። ካዛንቺስ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ስፌት ቤቱ የነበረበትን ቦታ ብጠየቅ በእርግጠኝነት አላሳይም። ወይዘሮ ዘይቱናም ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። ፋይሉ ግን የሆነ መደርደሪያ ላይ ይኖራል። የሚያነበው ሰው ፈቃዱ የታደሰ ኮንትራክተርና ሥራው ላይ የተገኘ መሐንዲስ ያገኛል። አንዲት ሴት የገዛ ጣሪያቸውን በመዶሻ እንዳስፈረሱ አንድም ወረቀት አይነግረውም።

መክሊት እስክጨርስ ሰማችኝ። "ከዚያ በኋላስ እርስዎ ቢሮው ሄደው እውነቱን አልተናገሩም?" አለችኝ።

"አልተናገርኩም።"

መሬት መሬት አየች። "በይ፣ ነገ አብረን ሄደን ያንን ኢንጂነር እንፈልገው፤ እኔ እጠይቀዋለሁ" አልኳት።

"አይ፣ ግድ የለም ጋሽ ተፈራ" አለች በትሕትና። "ብቻዬን እሄዳለሁ።"

ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። እሷን ብሆን እኔም እኔን ይዤ አልሄድም ነበር።