ቅቤ የጠጣው ጠመንጃ

ባሌ በሞተ በዚያው ክረምት መግቢያ ዋርሳዬ መጥቶ የወንድሙን ጠመንጃ ጠየቀኝ። «ሴት ብረት አትይዝም፤ ይዝግብሻል» አለኝ። አፌ ድሮም አያርፍም፤ «ከርከሮ በቆሎዬን ሲያርሰው ከዋጫ ሆነህ ልትተኩስልኝ ነው?» አልኩት። እሱ ዋጫ ነው የሚኖረው። እኔ ያለሁት ማንኪራ፣ ጫካው አፍንጫዬ ስር ነው። ያ ጠመንጃ ከቤቴ ከወጣ የልጆቼ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው።

ነገሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ዝናቡ ሲያባራ መሣሪያ የሚያይ ሰው ከወረዳ ይመጣል፤ ንጹሕ ሆኖ ካገኘው በስሜ ይመዘገባል፣ ዝጎ ካገኘው ዋርሳዬ ይወስደዋል ተባለ። እሺ አልኩ።

ቤት ገብቼ ማቀባበያውን ብስበው ንቅንቅ አልል አለኝ። ባሌ በዓል በመጣ ቁጥር ቅቤ ይቀባው ነበር። እኛ ዘንድ የሚከበር ነገር ሁሉ ቅቤ ይቀባል፤ ሙሽራም፣ አራስም። ከዚያ ጭሱ እርጥበት ይከላከልለታል ብሎ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ቅቤው ሻግቶ፣ ጥላሸት ጠጥቶ፣ ከስሩ ብረቱ ቀልቷል። የኔ ጌታ፣ አክብሮ ገደለው።

ምን ልቀባው? የጠየቅኩት ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። ሰው ማመን ሲያቅተኝ ሚስማሮች ወስጄ አንዱን ቅቤ፣ አንዱን የኑግ ዘይት፣ አንዱን ቦንጋ ካለ ልብስ ሰፊ ያመጣሁትን የስፌት መኪና ዘይት፣ አንዱን ከመካኒክ የለመንኩትን ግራሶ ቀብቼ ዝናብ የሚያገኛቸው ቦታ ደረደርኳቸው። ጎረቤቶቼ «ባሏ ሞቶባት ሚስማር ታስታምማለች» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ቅቤ የተቀባው ዛገ። ኑጉ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አቧራ ሰበሰበ። የስፌት መኪናው ዘይት ልስልስ ነው፣ ግን ዝናቡ አጥቦ ወሰደው። ግራሶው ወፍራም ነው፣ ውሃ አላስገባም። እንግዲያው ቀጭኑ ለውስጡ፣ ወፍራሙ ለውጪው።

መጀመሪያ ግን የድሮው ቅቤ መልቀቅ ነበረበት። ጨርቅ በላምባ ነክሬ ስቀመጥ የባሌ ጣት አሻራ አፈሙዙ አጠገብ ቅቤው ላይ ደርቆ አየሁት። ዋርሳዬ ይህን ጊዜ ደረሰ።

«የወንድሜን እጅ ልታጥቢው ነው?» አለኝ።

ጨርቁን አፈሙዙ ላይ አሳረፍኩ። እንባዬ መጣ። እያለቀስኩ አጠብኩት፤ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ አየኝ።

የወረዳው ሰው ሲመጣ ማቀባበያውን ሳበው፤ ልስልስ ብሎ ሄደለት። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስቶ በውስጡ ተመለከተ።

«ይህን የያዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? በስሜ ጻፈው። ቆሞ ያይ የነበረው ዋርሳዬ ፊቱን አዙሮ ወደ ዋጫ ሄደ።

ለገና በዓል ተመልሶ መጣ። ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን ብቻ ያያል። ገባኝ። ለጋ ቅቤ በቅጠል አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት፣ ጠመንጃውንም ጭኑ ላይ አጋደምኩለት።

«እንጨቱን ብቻ» አልኩት። «ብረቱን እንዳትነካ።»

በጣቱ ቆንጥሮ ሰደፉ ላይ፣ ወንድሙ ጉንጩን ያስደግፍበት የነበረው ቦታ፣ ቀስ አድርጎ ቀባው።